አጎበር ይዞ ቆላ መውረድ

ደብረ ሲና ደጋ ነው። ብርዱ ለወባ ትንኝ አይመቻትም። ስለዚህ «ወባ የቆላ ሰው በሽታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የማያድር ስንት ሰው አለ? አንዱ ለገበያ፣ ሌላው ለአጨዳ ይወርዳል። እዚያ ትንኝ ብትነድፈው ወባው ወዲያው አያንቀጠቅጠውም። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ይቆያል። ያን ጊዜ ሰውየው ቤቱ ገብቷል። «ምች መታኝ» ብሎ ዳማ ከሴ እየጠጣ ይተኛል። የደገኛ ሰውነት ደግሞ ወባን አልለመደምና ቶሎ ይጎዳል። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ወደ ከፍታ ቦታዎች ወጥቶ ነበር። በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል።

የምትነድፈው ሴቷ ትንኝ ናት፤ የምትወጣውም ሲመሽ ነው። ደም ከጠጣች በኋላ ይከብዳትና ግድግዳ ላይ ታርፋለች። የቆላ ቤቶች ግድግዳ መድኃኒት የሚረጨው ለዚህ ነው። ዱሮ የሚረጨው ዲዲቲ ነበር። ትንኟ ስለለመደችው በ2002 ዓ.ም. ገደማ በሌላ ተተካ። የተረጨ ግድግዳ ለ6 ወር አይለቀለቅም፤ ጭቃው መድኃኒቱን ይሸፍነዋል። እዚህ ላይ እናቶች ይቆጡኛል። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳይለቀለቅ እንዴት ይዋላል? እውነት ነው። ግን ወባ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ልቅለቃው ከርጭቱ በፊት ይለቅ።

ለመንገደኛው ግን ዋናው መከታ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ነው። የተኛው ሰው ትንፋሽ ትንኟን ይጠራታል። ስትመጣ አጎበሩን ትነካለች፤ መድኃኒቱ ይገድላታል። ተራ አጎበር ከሆነ ግን ክንዳችሁ ሲነካው በላዩ ትነድፋችኋለች። ማሽላ ሲጠብቅ ማማ ላይ የሚያድርም እንጨት አቁሞ ሊዘረጋው ይችላል። አንዳንዱ አጎበሩን ጭድ ይሸከምበታል፤ ይህስ እኮ ያሳዝናል። ሲቆሽሽ በሳፋ ውስጥ በተራ ሳሙና ቀስ ብሎ ይታጠብ፣ በጥላ ይሰጣ። ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል። ወንዝ ውስጥ ቢታጠብ ዓሣ ይገድላል። በደንብ ከተያዘ 3 ዓመት ያህል ያገለግላል።

ከቆላ ተመልሳችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና ደማችሁ ይመርመር። ለሐኪሙም «ቆላ አድሬ ነበር» በሉት።