ዲጂታል ግሪን፦ አርሶ አደር አርሶ አደርን የሚያስተምርበት ቪዲዮ

ዲጂታል ግሪን አነስተኛ ይዞታ ያላቸው አርሶ አደሮች የተሻሻሉ የአስተራረስ ዘዴዎችን ከመሰሎቻቸው እንዲማሩ በአጫጭር ቪዲዮዎች አማካይነት የሚሠራ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2006 በሕንድ፣ ባንጋሎር በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማእከል ውስጥ በሪኪን ጋንዲ መሪነት እንደ ጥናት ተጀምሮ በ2008 ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። ጋንዲ ጠፈርተኛ የመሆን ምኞት የነበረው የኤሮስፔስ ምሕንድስና ምሩቅ ነው፤ ሰማይን ያለመ ሰው መጨረሻው ማሳ ላይ መሆኑ የሚያስገርም ቢመስልም፣ የሠራው ሥርዓት ግን ከረቂቅ ቴክኖሎጂ ይልቅ በሰዎች ልማድ ላይ የቆመ ነው።

ኤክስቴንሽን የሚባለው የግብርና ምክር አገልግሎት በምርምር ጣቢያ የተገኘን ዕውቀት ወደ ማሳ የሚያደርስ ሥርዓት ሲሆን፣ የቆየ ችግሩ አንድ ባለሙያ በየመንደሩ የተበተኑ በርካታ አባወራዎችን በእግሩ እየዞረ ማዳረስ አለመቻሉ ነው። ዲጂታል ግሪን ይህን ሲያቃልል ባለሙያውን በመሣሪያ አልተካውም። የአካባቢው አርሶ አደር በራሱ ማሳ ላይ፣ በራሱ ቋንቋ እየተናገረ አንድን ሥራ ደረጃ በደረጃ ሲሠራ ይቀረጻል፤ ከአሥር ደቂቃ ብዙም የማይዘልቀው ቪዲዮም ፒኮ ፕሮጀክተር በሚባል፣ በእጅ በሚያዝና በባትሪ በሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አማካይነት፣ የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቤት ግድግዳ ላይ ሳይቀር ለጎረቤቶች ይታያል። ተመልካቾች አስቀድመው የሚጠይቁት በቪዲዮው ላይ የሚታየው ሰው ማን እንደሆነና ከየትኛው መንደር እንደመጣ ነው፤ ምክሩን የሚያምኑት ሰውየው እነሱን ሲመስል ነውና። ከምስሉ ይልቅ ግን ወሳኙ አወያዩ ነው፤ ቪዲዮውን በየመካከሉ እያቆመ ያወያያል፣ ማን እንደተገኘና ማን ለመሞከር እንደፈለገ ይመዘግባል፣ ቆይቶም ማሳው ድረስ ሄዶ ሥራው በእርግጥ መሠራቱን ያረጋግጣል። ምዝገባው ኮኮ በተባለ ሶፍትዌር ይከናወን ነበር፤ ይህም ኢንተርኔት በሌለበት የገባውን መረጃ አስቀምጦ፣ ግንኙነት ሲገኝ ወደ ማእከል የሚልክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ዘዴው ከተለመደው ኤክስቴንሽን ጋር ሲነጻጸር አንዳንድ አሠራሮችን የሚቀበሉ አርሶ አደሮችን ቁጥር ሰባት እጥፍ እንዳሳደገ፣ በወጣው ገንዘብ ልክ ሲሰላም ውጤቱ አሥር እጥፍ እንደሆነ ገልጿል። ጥናቱ የተካሄደው በጥቂት መንደሮች በመሆኑ አሃዙን ለሁሉም አገር ማዋል አይገባም።

በኢትዮጵያ ድርጅቱ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ክልል ሲሠራ፣ የአወያይነቱን ቦታ የያዙት የቀበሌ የልማት ሠራተኞች ናቸው። ቪዲዮዎቹ ጤፍን፣ ስንዴንና በቆሎን በብተና ፈንታ በመስመር መዝራትን፣ የዘር መጠንን መመጠንንና ዩሪያን በወቅቱ መጨመርን ያሳያሉ። ዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባካሄደው ጥናት በቪዲዮ የታገዘው ምክር የአርሶ አደሮችን ዕውቀትም ተግባርም ከፍ እንዳደረገ ታይቷል። በአንዳንድ ቀበሌዎች ባልና ሚስት አብረው እንዲያዩ መደረጉም የጥናቱ አካል ነበር፤ የስብሰባ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ለአባወራው ብቻ በሚደርስበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በመስመር መዝራት ግን ጤፍን በእጅ ከመበተን እጅግ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ቪዲዮው የሥራውን መንገድ እንጂ የሚሠራውን ሰው አያመጣም። ማዳበሪያ በወቅቱ ካልደረሰም የዩሪያው ትምህርት ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ የልማት ሠራተኛው በበኩሉ ከምክሩ ሌላ የግብዓት ሥርጭትና የቅስቀሳ ሥራ ስለሚደረብበት፣ ፕሮጀክተሩን ይዞ የሚወጣው ከዚያ በተረፈው ሰዓት ነው።