በወረቀት የሞቱ እናቶች

ከጨንቻ ደጋ ወይም ከአርባ ምንጭ ከተማ በጨቅላነቱ ተወስዶ ባሕር ማዶ ያደገ ልጅ ስለ መወለዱ የሚያውቀው ሁሉ አንድ አቃፊ ውስጥ ያልቃል፤ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የምስክሮች ቃል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና ትርጉሙ። ቃሉም አጭር ነው። እናት በሞት ተለይታለች፤ አባት አይታወቅም፤ ልጁን የሚያሳድግ ዘመድ የለም። ዓመታት ያልፉና ያ ልጅ ምራቁን በፕላስቲክ ቱቦ አድርጎ ለዲኤንኤ መርማሪ ድርጅት ይልካል፣ ወይም ሰው ልኮ መንደሩን ያስጠይቃል። ሞተች የተባለች እናት በሕይወት የተገኘችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ እንዴት ሆነ? መልሱ ከፊሉ ያለው ዋሽንግተን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የሔግ የጉዲፈቻ ስምምነት አባል አይደለችም። እንዲህ ካለ አገር የሚመጣ ልጅ የአሜሪካ ቪዛ የሚያገኘው በሕጉ አነጋገር «ወላጅ አልባ» ከሆነ ነው፤ ወላጆቹ የሞቱበት፣ የጠፉበት ወይም ጥለውት የሄዱ፣ አለዚያም አንዳቸው ብቻ ቀርተው ማሳደግ ያቃታቸው። እናትና አባቱ ድሃ ይሁኑ እንጂ አብረውት ያሉ ልጅ በዚህ በር አያልፍም። ሊያሳልፈው የቋመጠ ደላላ ከወላጆቹ አንዱን በወረቀት መግደል ነበረበት።

ፍላጎቱ ደግሞ ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ 2,500 ገደማ ኢትዮጵያውያን ልጆች አሜሪካ ገብተዋል፤ በዚያ ዓመት ወደ አሜሪካ ከዚህ የበለጠ ልጅ የሄደው ከቻይና ብቻ ነው። ከደቡብ፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከጋሞ የተወሰዱት ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 በቀን የሚታዩትን ጉዳዮች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የውጭ ጉዲፈቻን አገደ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ጨርሶ ዘጋው። በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የአንድ የጉዲፈቻ አገናኝ ድርጅት ሰዎች ተከሰዋል። የክሱ ፍሬ ነገር፣ ልጆቹ ኖረውባቸው የማያውቁ የሕፃናት ማሳደጊያዎች እንዳሳደጓቸው ሆነው ውል እንዲፈርሙ ተደርጓል የሚል ነበር። ከተከሳሾቹ መካከል ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

ሁሉም ግን ማጭበርበር አልነበረም። ታዋቂው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን፣ ሲወለድ ካሳሁን ፅጌ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ ከእህቱ ጋር ስዊድን የሄደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ይህ ገበያ ከመድራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አባቱም ሞቷል ብሎ አደገ። ኒውዮርክ ላይ ስሙ ከገነነ በኋላ አባቱ ገጠር ውስጥ በሕይወት እንዳለና ስምንት ወንድምና እህት እንዳሉት ሰማ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊነሳ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ የተደረገ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ልጄ ተምሮ ይመለሳል ብላ በአውራ ጣቷ የፈረመች እናት ሞኝ አልነበረችም፤ የአገሯ ሕግም ዝምድናው አይቋረጥም ይላል። ልጁ በሄደበት አገር ግን ያ ዝምድና በሕግ ፊት ተበጥሷል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ ካላስረዳት ፈቃዷን ሙሉ ፈቃድ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

ወደ ምራቁ እንመለስ። ላብራቶሪው ከሦስት ቢሊዮን በላይ ከሆኑት የዲኤንኤ ፊደላት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩትን መርጦ ያነብባል። ከዚያ ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን ቁራጭ ሁሉ ደምሮ ሴንቲሞርጋን በሚባል መለኪያ ያስቀምጣል። እናትና ልጅ 3,400 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ይጋራሉ፤ የአንድ እናትና አባት ልጆች 2,600 ገደማ፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች 1,750 ገደማ፤ የአጎት ልጆች የዚያን ግማሽ።

ችግሩ የሚጀምረው 1,750 ላይ ነው። ይህን ያህል የምትጋራ ሰው በአባት ብቻ የምትገናኝ እህት ልትሆን ትችላለች፤ አክስትም፣ አያትም ልትሆን ትችላለች። ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ዕድሜ ይረዳል፣ ነገር ግን የማሳደጊያ ወረቀት ላይ ያለ ዕድሜም ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ ዲኤንኤው ደግሞ የልደት ቀን አይነግርም። ሁለቱ ሴቶች ከሆኑ በየትኛው ወገን እንደሚገናኙ የሚጠቁም ሌላ መንገድ አለ። አባት ለሴት ልጁ የሚያወርሰው ኤክስ ክሮሞዞም አንድና ያው ስለሆነ፣ የአንድ አባት ልጆች ያንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጋራሉ። በእናት በኩል ብቻ ከተገናኙ ደግሞ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ማይቶኮንድሪያል ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ይሆናል። ፈላጊው ደረጃ በደረጃ የሚሄደው እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ዘመዱ በመርማሪ ድርጅቶቹ የመረጃ ቋት ውስጥ ካለ ነው። የድርጅቶቹ ደንበኞች አብዛኞቹ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ናቸው፤ ያሉት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ዲያስፖራዎችና እንደ እሱ በጉዲፈቻ የሄዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ብቅ የሚለው እናት ሳትሆን ሌላ አገር ያደገ፣ መኖሩ ያልተነገረ ወንድም ሊሆን ይችላል። የዘር ምንጭ የሚባለው ክፍልም ብዙ ጊዜ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ብሎ ያበቃል፤ ጋሞ ይሁን ወላይታ አይልም። ይህ የሳይንሱ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣ ጥናት ከ1,200 በላይ ኢትዮጵያውያንን ከ68 ብሔረሰቦች መርምሮ፣ ጎረቤታሞችን እንኳ የሚለዩ ልዩነቶች ማየት ይቻላል ብሏል። የጎደለው ናሙና ነው።

ጋሞ ምድር ላይ ይህ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጋሞ ደጋ፣ ሞታ ዋሻ ውስጥ፣ ከድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የ4,500 ዓመት ሰው አፅም ተገኘ። ከጆሮው ውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት የወጣው ዲኤንኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲታተም፣ ከአፍሪካ ምድር ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ጂኖም ሆነ። በዛሬዎቹ ሕዝቦች መካከል ቅርቡ አሪ ነው። ተመራማሪዎቹ በወራት ውስጥ ደግሞ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ባለመጣጣማቸው ስህተት መፈጠሩን ገልጸው፣ ከዩራሲያ የመጣው ዘር መላውን አፍሪካ አዳርሷል ያሉትን አርመዋል። እንዲህ ያለ ቡድን ከተሳሳተ፣ ከአንድ ደንበኛ ምራቅ የሚወጣውን የመቶኛ ሠንጠረዥ እንደ መጨረሻ ቃል መውሰድ አይገባም። የሞታው ሰው ጂኖም ዛሬ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ነው። ከዋሻው ብዙም ሳይርቅ ልጇን የሰጠች እናት ግን የትኛውም ቋት ውስጥ የለችም።

ስለዚህ ምርመራው መሄድ ያለበት ወደ እናቶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው «ቤተሰብ ፍለጋ» የተባለ የመረጃ ቋት ከሁለቱም ወገን እየመዘገበ ቤተሰብ ያገናኛል፤ ምዝገባው ላይ ጉንጭ በጥጥ የመጥረጉ ሥራ ቢጨመር ብዙ ግምት ይቀራል። ጥንቃቄም ይጠይቃል። ናሙናው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በቋንቋዋ፣ በጋሞኛ፣ ሊነገራት ይገባል። ልጅ ወልዳ እንደነበር ለኋለኛ ባሏ ያልነገረች ሴትም ልትኖር ትችላለች፤ መኪና ሞልቶ ደጇ ላይ የሚቆም አስተርጓሚ ቤቷን ያፈርሳል። በጋሞ ጎሜ የሚባል እምነትም አለ፤ የተጣሰና የተሸሸገ ነውር በቤተሰብ ላይ መከራ እንደሚያመጣ ይታመናል፤ መፍትሔውም በሽማግሌ ፊት መናገር ነው። አስቀድሞ እሷን ለብቻ ማነጋገር፣ ፈቃደኛ ከሆነች የአካባቢውን ሽማግሌ መያዝ በስልክ ካሜራ እየቀረጹ ደጇ ከመድረስ የተሻለ መንገድ ነው።

ጊዜም ይታሰብ። እናቶቹ ብዙዎቹ ገና ጎልማሶች ናቸው፤ አያቶቹ ግን አይደሉም። እናት ባትገኝ እንኳ የአንዲት አያት ናሙና 1,750 ያህል ይሰጣል፣ የዕድሜ ልዩነቱም ሰፊ ስለሆነ ከእህት ጋር አያምታታም። ምዝገባው ከእነሱ ቢጀምር ይሻላል።