ጭስ የሌለው ፍም

በጎጃም ደጋ፥ በጉንደ ወይን ከተማ የሐምሌን ሌሊት ያሳለፈ ሰው የብርዱን ነገር እንድንነግረው አያስፈልገውም። እኛም አንድ ጊዜ በእንግድነት አድረን ነበር። ባለቤቶቹ ለእንግዳ ክብር ሲሉ ጭሱ ያለቀለትን ቀይ ፍም በማንደጃ ሞልተው ከመኝታችን አጠገብ አኖሩልን፤ በሩንና መስኮቱንም ዘጉልን። በእኩለ ሌሊት ራሳችንን አሞን ነቃን፤ ለመነሣት ብንሞክር ጕልበታችን ከዳን። የቤቱ እመቤት መቃተታችንን ሰምተው በሩን ባይከፍቱ ኖሮ ይህን ባልጻፍን ነበር። እርሳቸውም ደንግጠው «ጌታዬ፥ ምን አገኘዎት? ፍሙ እኮ ጭስ የለውም» አሉን።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው በዚህ ነው። ቅቤ በእሳት ዳር ቢቀልጥ ቅቤነቱን አይተውም፤ ሲበርድ ተመልሶ ይረጋል። የነደደውን እንጨት ግን ከአመዱ መልሶ እንጨት የሚያደርገው የለም፤ ባሕርዩ ተለውጧልና። ኬሚስትሪ የተባለው ትምህርት ይልቁንም ይህን የባሕርይ ለውጥ ይመረምራል።

ከሰል ነድዶ ጥቂት አመድ ብቻ ሲቀር የጠፋ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አልጠፋም። ላቯዚዬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ነገር ባሕርዩን ቢለውጥ ጠቅላላ ክብደቱ አይጎድልም። 12 ወቄት ንጹሕ ካርቦን 32 ወቄት ኦክሲጅን አግኝቶ ሲነድ 44 ወቄት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ኦክሲጅኑ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ያው 12 ወቄት 16 ብቻ ይዞ 28 ወቄት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ይህም መርዝ ነው። ፍሙ በተከመረበት ማንደጃ ውስጥ አየር ስለሚያጥር መርዙ መወለዱ አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ በፍሙ ላይ የምናየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው መርዝ ወደ ላይ ወጥቶ፥ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው።

መልክም ሽታም የለውም። ዕጣን ቢጨመርበት የቤቱ መዓዛ ያምራል እንጂ መርዙ አይቀንስም። ከደም ጋራ የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለ ሆነ፥ ሰው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ይራባል። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ስመ ጥሩው ደራሲ ኤሚል ዞላ በ1902 በፓሪስ ከተማ፥ በመኝታ ቤቱ የእሳት መውጫ ጭስ ተከልክሎ የሞተው በዚሁ መርዝ ነው፤ ሚስቱ ግን ተርፋለች።

ይልቁንም የምናስበው ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ነው። አራስ እንዳይበርዳት ተብሎ ቤቱ ይዘጋል፥ ፍሙም ይጨመራል፤ ሕፃኑም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ከሰል በቤት ውስጥ ማንደድ ግድ ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት፤ ሲተኙም ማንደጃው ከነፍሙ ይውጣ። ራሱን የሳተ ሰው ቢገኝ በፍጥነት ወደ ደጅ አውጥቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

በዚያች በጉንደ ወይን ቤት ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ተጨማሪ ጋቢ ይቀርባል፤ ማንደጃው ከእራት በኋላ በረንዳ ላይ ያድራል።