ስለ ቴሌቪዥን ጨዋታና ስለ ሰው ክብር

ጨዋታ ዐይንን ደስ ከማሰኘቱ በላይ ልብን ያስተምራል። በአሜሪካ አገር ጥቁር ሰው በቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ በሎሌነት ይታይ በነበረበት ዘመን፥ በ1966 ዓመት (በአውሮፓ አቈጣጠር) በተጀመረው ስታር ትሬክ በተባለው ጨዋታ፥ ኒሼል ኒኮልስ የተባለች ጥቁር ሴት የጠፈር መርከብ የመገናኛ ሹም የሆነችውን ኡሁራን ሆና ተጫወተች። ይህም ስም የመጣው ነጻነት ማለት ከሆነው ከስዋሂሊ ቃል ነው።

ኒሼልም ወደ ቲያትር ልትመለስ ባሰበች ጊዜ፥ ጥቁር ሰው እንደ እኩያ የሚታይበትን ይህን ስፍራ እንዳትለቅ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንደ መከሯት ራሷ ተናግራለች። ምክሩም ከንቱ አልሆነም፤ በልጅነቷ ኡሁራን እያየች ያደገችው ሜይ ጄሚሰን በ1992 ዓመት ወደ ጠፈር በመውጣት ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሆነች።

ሕፃን ያላየውን ማዕረግ መመኘት ይቸግረዋል። ስለዚህ ጨዋታ የሚያዘጋጁ ሰዎች ለማን ሹመትን፥ ለማን ሎሌነትን እንደሚሰጡ አስቀድመው ሊመረምሩ ይገባቸዋል።