በገመድ የገባው ጊታር የአምፕሊፋየር ድምፅ ከየት አመጣ? ስለ ዲጂታል መቅጃና ስለ «ሞዴሊንግ»

የመዘምራን ቡድናችሁ ዝማሬ ለመቅዳት አስቦ ስቱዲዮ ለመግባት አቅም አጥቶ ይሆናል። አንድ ወንድም ዲጂታል መልቲትራክ መቅጃ አዋሳችሁ እንበል። ጊታሩን በገመድ ከመቅጃው ጋር ሲያገናኙት በክፍሉ ውስጥ ምንም አምፕሊፋየር ሳይኖር በጆሮ ማዳመጫው የትልቅ አምፕሊፋየር ድምፅ ይሰማል። ይህን የሚሠራው «ሞዴሊንግ» የተባለው ኢፌክት ነው። አጠቃቀሙን ላወቀ ትልቅ በረከት ነው። ላላወቀ ግን የስንት ቀን ልምምድ የተደረገበትን ዝማሬ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራና ምን መጠንቀቅ እንዳለብን አብረን እንመልከት።

ሞዴሊንግ ምንድን ነው?

የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን የሚሰጠው ደካማ ምልክት ነው። የምንወደው ድምፅ የሚወለደው ይህ ምልክት በአምፕሊፋየሩ ቲዩቦች፣ በቤዝ፣ በሚድልና በትሬብል ማስተካከያው፣ ከዚያም በስፒከሩና ስፒከሩ በተገጠመበት ሳጥን አልፎ ወደ ማይክሮፎን ሲገባ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ድምፁን ይለውጠዋል። ለምሳሌ ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ በዚህ ጊዜ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ተጨማሪ ድምፆች ይፈጠራሉ። «ዲስቶርሽን» የምንለው ይህንን ነው። የጊታር ስፒከር ደግሞ ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ስለታም ድምፅ አብዛኛውን ያስቀረዋል።

መሐንዲሶች እነዚህ ደረጃዎች ድምፁን እንዴት እንደሚለውጡ አጥንተው በሒሳብ ቀመር አስቀመጡት። በመቅጃው ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ይህን ቀመር በሴኮንድ 44,100 ጊዜ በሚወሰደው የድምፅ ናሙና ላይ ይሠራዋል። እንግዲህ የምንሰማው ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ አይደለም። የራሳችን አጨዋወት በዚያ ቀመር ውስጥ አልፎ የሚሰማን ነው። በቀስታ ስንመታ ለስላሳ፣ በኃይል ስንመታ ሻካራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኮዝም» ብሎ የሰየመውን ይህን ዘዴ በ1995 እ.ኤ.አ. ቪጂ-8 በተባለው የጊታር መሣሪያ አስተዋወቀ። የአሜሪካው ላይን 6 ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. ፖድ የተባለውን ትንሽ ቀይ መሣሪያ አወጣ። በ2000 እ.ኤ.አ. የሮላንድ አካል የሆነው ቦስ ሞዴሊንጉን ከመቅጃው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ የያዘውን ቢአር-8 የተባለ ስምንት ትራክ መቅጃ አወጣ። ቢአር-8 የሚቀዳው በዚፕ ዲስክ ላይ ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢአር-800 ግን በኤስዲ ካርድ ይቀዳል።

ሁለቱን የኢፌክት ዓይነቶች እንለይ

በእነዚህ መቅጃዎች ላይ ሁለት ዓይነት ኢፌክት አለ። የመጀመሪያው «ኢንሰርት» ይባላል። የአምፕሊፋየር ሞዴል፣ ኮምፕሬሰርና ዲስቶርሽን በዚህ ውስጥ ናቸው። ኢንሰርቱ በመግቢያው ላይ ከተቀመጠ ድምፁ ከኢፌክቱ ጋር አብሮ ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ ሊለያዩ አይችሉም። ከወጥ ውስጥ ጨው ማውጣት እንደማይቻል ማለት ነው። ሁለተኛው «ሴንድ» ይባላል። ሪቨርብና ዲሌይ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ይመጣሉ። እነርሱ በትራኩ ላይ ስለማይቀዱ ሚክስ በሚደረግበት ጊዜ ሊጨመሩ ወይም ሊቀነሱ ይችላሉ።

ብዙዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው። ጊታሪስቱ ለብቻው ሲጫወት ደስ ያሰኘው ከባድ ዲስቶርሽን ኪቦርዱ፣ ቤዙና መዘምራኑ ሲጨመሩ ግጥሙን ሊሸፍን ይችላል። ድምፁ ከኢፌክቱ ጋር ከተቀዳ መፍትሔው እንደገና መቅዳት ብቻ ነው።

መፍትሔው ንጹሑን ድምፅ ማስቀረት ነው። በአንዳንድ የቢአር መቅጃዎች «ሬክ ድራይ» የሚባል አማራጭ አለ። ተጫዋቹ በጆሮው ኢፌክቱን ይሰማል፤ በትራኩ ላይ የሚቀመጠው ግን ንጹሕ ድምፅ ነው። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ሰው የሚጫወተው በሚሰማው ድምፅ ልክ ነው። በኋላ ኢንሰርቱን ወደ ትራኩ አዛውሮ የሚስማማውን ሞዴል መምረጥ ይቻላል። ቢአር-800 ለእያንዳንዱ ትራክ 8 ቨርቹዋል ትራክ፣ በድምሩ 64 አለው። ስለዚህ ንጹሑን በአንዱ፣ ኢፌክት ያለበትን በሌላው ማስቀመጥ ይቻላል። ሳይታመቅ በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት የሚቀዳ አንድ ትራክ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሚወስድ ቦታ ይጠፋል ብለው አይስጉ።

ሲቀዱ ይህን ቅደም ተከተል ይከተሉ

1. ጊታሩን ለጊታር በተዘጋጀው መግቢያ ይሰኩ፤ «ሃይ-ዚ» የሚል ማብሪያ ካለ ያብሩት። አለበለዚያ ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ኮንታክት ማይክ የተገጠመለት ክራርም በዚሁ መግቢያ ይሰካል።

2. መጀመሪያ ኢፌክቱን አጥፍተው የመግቢያውን ልክ ያስተካክሉ። ተጫዋቹ በኃይል ሲመታም ቀይ መብራት መብራት የለበትም። የቲዩብ ዲስቶርሽን ለጆሮ ይጥማል፤ ዲጂታሉ ሲሞላ የሚወጣው ድምፅ ግን ጆሮ ይጎዳል፤ ሞዴሉም አያስተካክለውም።

3. ሞዴሉን ከመረጡ በኋላ ጌይኑን በቂ ነው ብለው ካሰቡት ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። ጌይን ሲበዛ የጣት አመታት ልዩነት ይጠፋል፤ የገመዱ እዝታም አብሮ ይጎላል።

4. እዝታውን ለማጥፋት «ኖይዝ ሰፕረሰር»ን በጥቂቱ ይጠቀሙ። ከበዛ የኖታውን መጨረሻ ይቆርጠዋል።

5. የስፒከር ሞዴሉን አያጥፉት። ያለ እርሱ ዲስቶርሽን እንደ ንብ ይጮኻል። የመቅጃውን ድምፅ በእውነተኛ የጊታር አምፕሊፋየር የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ድምፁ በሁለት ስፒከር እንዳለፈ ሆኖ ይታፈናል። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ ወይም በሞኒተር ስፒከር ያዳምጡ።

ሞዴል የማይሠራው ነገር

አንዳንዶች «ይህ ማስመሰል አይደለም ወይ?» ይላሉ። ጊታሩን የሚጫወተው ሰው እስከሆነ ድረስ ሞዴሉ የድምፅ ቀለም መምረጫ ነው፤ አምፕሊፋየር መምረጥም ያው ነው። ነገር ግን ሞዴል ያልተቃኘ ጊታር አይቃኝም፤ የተዛነፈ ምት አያስተካክልም፤ በሚያስተጋባ አዳራሽ ከማይክሮፎን ርቆ የተቀዳን የመዘምራን ድምፅም አያቀርብም። እነዚህ የሚስተካከሉት ሪከርድ የሚለውን ቁልፍ ከመጫናችን በፊት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ሚክስ ሲያደርጉ ከሁሉ አስቀድመው የዘማሪውን ድምፅ ይክፈቱ። ከዚያ ጊታሩን ቀስ በቀስ ያስገቡ። ቃሉ መሰማት ሲያቅተው እዚያ ላይ ያቁሙና ጊታሩን ጥቂት ይመልሱት። በቤቱ ሆኖ የሚያዳምጠው ሰው የትኛው አምፕሊፋየር እንደተመረጠ አይጠይቅም፤ የተዘመረውን ግን ሊሰማ ይገባዋል።