የተዘጋ መዝገብ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 13 ቀን 1998 ከቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ከዋጋዱጉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳፑዊ አጠገብ፣ አንድ መኪና ከነተሳፋሪዎቹ ተቃጥሎ ተገኘ። ከአራቱ ሟቾች አንዱ የ«ላንዴፓንዳን» ጋዜጣ አዘጋጅ ኖርበር ዞንጎ ነበር፤ ሌላው ወንድሙ።

ዞንጎ ያን ሰሞን አንድ ጥያቄ ይዞ አልለቅም ብሎ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ወንድም የፍራንሷ ኮምፓኦሬ ሹፌር በስርቆት ተጠርጥሮ በቤተ መንግሥት ጠባቂዎች እጅ ሳለ ሞቷል፤ እንዴት ሞተ?

ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1999 ከጠባቂዎቹ መካከል ስድስት ዋነኛ ተጠርጣሪዎችን ለየ። የተከሰሰው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በ2006 የእሱም መዝገብ ተዘጋ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እለምናለሁ። መንግሥት የሚጠየቀው በግድያው እጁ ሲኖርበት ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ ከልብ ፈልጎ ለፍርድ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ይህንን ግዴታ ነው። ጋዜጠኛ መሣሪያ አይታጠቅም፤ ሊገድለው የሚያደባውን ሰው የሚይዘው «ነገ እጠየቃለሁ» የሚል ፍርሃት ብቻ ነው። መዝገብ በተዘጋ ቁጥር ያ ፍርሃት ከገዳዩ ወጥቶ ወደ ጸሐፊዎቹ ይገባል።

የሟቾቹ ቤተሰቦች አሩሻ ለሚገኘው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2014 ገዳዩ እገሌ ነው አላለም። መንግሥት ገዳዮቹን በትጋት አልፈለገም፣ በዚህም የጋዜጠኞችን ሐሳብ የመግለጽ ነፃነት ጭምር ጥሷል አለ። በ2015 ለእያንዳንዷ ሚስት 25 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 15 ሚሊዮን እንዲከፈልና ምርመራው እንዲቀጥል አዘዘ።

ፕሬዚዳንቱ በሕዝብ አመፅ ከወረዱ በኋላ ሦስት የቀድሞ ጠባቂዎች ተከሰሱ። ፍራንሷ ኮምፓኦሬም በ2017 ፓሪስ ላይ ተያዘ፤ እሱ በነገሩ የለሁበትም ይላል። ነገር ግን በ2022 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፤ የወደቀው መንግሥት ስለ ፍራንሷ ደኅንነት የሰጠው ማረጋገጫ ማስተማመኛ ሊሆን ስላልቻለ ፈረንሳይ ሳታስረክበው ቀረች።

የአፍሪካውን ፍርድ ቤት ያቋቋመው ፕሮቶኮል የጸደቀው እዚያው ዋጋዱጉ ነው፤ በጁን 1998፣ ዞንጎ ከመገደሉ ስድስት ወር ቀድሞ። ኢትዮጵያ ያኔውኑ ፈርማዋለች፤ እስካሁን ግን በሕግ አላጸደቀችውም። ታጽድቀው፤ ዜጋም በቀጥታ አቤት እንዲል ትፍቀድ።