ያገለገለ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው ስንገዛና ስንሸጥ፦ ምን እናጣራ? ምንስ እንናገር?



ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። በኦክቶበር መጨረሻ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም «አራት የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው አለኝ፤ መኪናውን ስለሸጥኩት ምድር ቤት ተቀምጧል» አለኝ። ሄጄ አየሁት። ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ ጥርሱም አላለቀም። በ160 ዩሮ ተስማምተን ተጨባብጠን ተለያየን።

በዲሴምበር ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ባለው የታውኑስ ተራራ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ አልቆም አለችኝ። ተንሸራታ መንገድ ዳር ካለ የበረዶ ክምር ጋር ተላትማ ቆመች። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች። አልሐምዱሊላህ፣ ማናችንም አልተጎዳንም፤ ከፊት ለፊትም የሚመጣ መኪና አልነበረም። በማግስቱ ጎሚስታው ጎማው ጎን ላይ ያሉ አራት ቁጥሮችን በጣቱ አሳየኝ። ጎማው የተመረተው ከ13 ዓመት በፊት ነበር።

ሻጩ አልዋሸኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሁለታችንም ያየነው የጎማውን ጥርስ ብቻ ነው። ሌሎች ወንድሞችና እህቶች እንደኛ እንዳይሆኑ፣ በዚህ ግብይት ገዢ ምን ማየት፣ ሻጭ ደግሞ ምን መናገር እንዳለበት ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

ለምን ከነቸርኬው ይሸጣል?

አገር ቤት የምናውቀው ትርፍ ጎማ ከመኪናው ኋላ የሚቀመጠውን አንድ ስኮርታ ነው። እዚህ ግን ብዙ ሰው ሁለት ሙሉ ረድፍ፣ ማለትም ስምንት ጎማ አለው፤ አራቱ ለሙቀቱ ወራት፣ አራቱ ለብርዱ። ጀርመኖች በተለምዶ ከኦክቶበር እስከ ፋሲካ የበረዶ ጎማ ያስራሉ። የበጋ ጎማ ላስቲክ በብርድ ስለሚደርቅ መንገድ አይዝም፤ የበረዶ ጎማ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ጎማውን በየወቅቱ ከቸርኬው ማላቀቅና እንደገና ማስገባት ገንዘብ ያስወጣል፣ የጎማውንም ከንፈር ይጎዳል። ጎማው ከነቸርኬው ከተዘጋጀ ግን ክሪክና የቡሎን መፍቻ ያለው ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀይረዋል። ሰዎች መኪናቸውን ሲሸጡ ወይም ሲለውጡ ታዲያ አራቱ ትርፍ ጎማዎች ምድር ቤት ይቀራሉ። ገበያው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሕጋዊም ጠቃሚም ነው። ችግሩ ጎማ ጉድለቱን በቀላሉ የሚደብቅ ዕቃ መሆኑ ነው።

የአገሩ ሕግ

ጀርመን ውስጥ የበረዶ ጎማ ግዴታ የሚሆነው በመንገዱ ሁኔታ እንጂ በቀን መቁጠሪያ አይደለም። መንገዱ ላይ በረዶ፣ የበረዶ ጭቃ፣ አመዳይ ወይም ግግር ካለ ያለ በረዶ ጎማ መንዳት አይፈቀድም። የጣሰ ሰው 60 ዩሮና አንድ የፍሌንስቡርግ ነጥብ ይጠብቀዋል። መኪናው እንዲህ ሆኖ እንዲነዳ የፈቀደ ባለቤት ደግሞ 75 ዩሮና አንድ ነጥብ ይቀጣል።

ከ2024 ኦክቶበር 1 ጀምሮ እንደ በረዶ ጎማ የሚቆጠረው ሦስት ጫፍ ባለው ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ጎማ ብቻ ነው። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ያለው አሮጌ ጎማ የሽግግር ጊዜው አልፎበታል። ዛሬም ግን በርካሽ ሲቀርብ ይታያል። ገዢ ሆይ፣ ርካሽ የሆነበትን ምክንያት እወቅ።

ገዢ የሚያጣራቸው ነገሮች

አንደኛ፣ ዕድሜው። በጎማው ጎን «ዲ፣ ኦ፣ ቲ» ከሚሉት የላቲን ፊደላት የሚጀምረውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ተከተሉት። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ። 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ሊሆን ስለሚችል ጎማውን አገላብጡት። አራቱንም እዩ፤ አንዳንዴ ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ አሮጌ ይሆናሉ። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። እኔ ከስድስት ዓመት በላይ የሆነውን አልገዛም። ከአሥር ዓመት ያለፈውን ደግሞ ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትውሰዱ።

ሁለተኛ፣ ጥርሱ። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለበረዶ ግን አይበቃም። የጀርመን አሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ ለበረዶ ጎማ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይመክራል። ወደ ኦስትሪያ የምትሻገሩ ከሆነ እዚያ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጎማ እንደ በረዶ ጎማ አይቆጠርም። መለኪያ ከሌላችሁ የ2 ዩሮ ሳንቲም አውጡ። የዳር ብርማ ቀለበቱ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳንቲሙን በቦዩ ውስጥ ስታቆሙት ብርማው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ጥሩ ነው። በውስጥ በኩል፣ በመሃልና በውጭ በኩል ለኩ። በአንድ ወገን ብቻ ያለቀ ጎማ የቀድሞው መኪና መሪ ወይም ተሸካሚ ችግር እንደነበረበት ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ጎኑ። እብጠት ካለበት የውስጥ ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው፤ አትግዙት። ስንጥቅ መኖሩን በጣታችሁ አጠፍ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። የተለጠፈ ጎማ ከሆነ ማን፣ የት፣ እንዴት እንዳደረገው ጠይቁ።

አራተኛ፣ ልኩ። 205/55 አር 16 91 ኤች የሚል ጽሑፍ ስታገኙ፣ 205 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር በመቶኛ ነው፤ 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 እያንዳንዱ ጎማ 615 ኪሎ እንደሚሸከም፣ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር እንደሚችል ያመለክታል። ለመኪናችሁ የተፈቀደውን ልክ ከመኪናው ወረቀት ጋር አመሳክሩ። የመሸከም ቁጥሩ ከተፈቀደው በታች መሆን የለበትም።

አምስተኛ፣ ቸርኬው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። 5×112 ማለት አምስት ቡሎን ያለው፣ ቡሎኖቹ የሚታሰሩበት ክብ 112 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። ብዙ የፎልክስቫገንና የመርሴዲስ መኪኖች በዚህ ይገናኛሉ፤ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት ግን ይለያያል። ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው «ኢ ቲ» የሚለው ቁጥርም መግጠም አለበት። ቸርኬው ከመኪናው ፋብሪካ ያልመጣ ከሆነ የፈቃድ ወረቀቱን ከሻጩ ተቀበሉ። ያለ ወረቀት የታሰረ ቸርኬ የመኪናውን የመንገድ ፈቃድ ሊያሳጣ፣ ቲዩፍ ምርመራ ላይም ሊያስወድቅ ይችላል።

ስድስተኛ፣ ቡሎኑ። የአሉሚኒየምና የብረት ቸርኬ ቡሎን ርዝመቱ ሊለያይ ይችላል። አንዳንዱ መቀመጫው እንደ ኳስ ክብ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ቀፎ ሾጣጣ። የማይገጥም ቡሎን የታሰረ ይመስልና በመንገድ ላይ ይላላል። ሻጩ ቡሎኖቹን አብሮ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ሰባተኛ፣ የነፋስ መቆጣጠሪያው። ከ2014 ኖቬምበር ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት በአዲስነት የተመዘገቡ የቤት መኪኖች የጎማ ነፋስ መቆጣጠሪያ አላቸው። በአንዳንዶቹ ሰንሰሩ የሚገኘው እያንዳንዱ ቸርኬ ውስጥ ነው። ያለ ሰንሰር የተሸጠ ቸርኬ ርካሽ መስሎ በኋላ ለአራት ሰንሰር ያስወጣችኋል።

ሻጭ መናገር ያለበት

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ ሰው ከሚሸጠው የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን በሙስሊም ዘገባ እናውቃለን። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ገሠጹት። የኛ እርጥብ እህል በጎማው ጎን ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው። ጥርሱን ፎቶ አንስቶ ቁጥሩን መተው ክምሩን ከላይ ማድረቅ ነው።

በፊቅህ «ዐይብ» የሚባለው በነጋዴዎች ዘንድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ወይም የተገዛበትን ዓላማ የሚያበላሽ ጉድለት ነው። የጎማ እርጅና፣ የተጣመመ ቸርኬና የተለጠፈ ቀዳዳ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ገዢው ሳያውቅ ከሽያጩ በፊት የነበረ ዐይብ ከተገኘ የመመለስ ምርጫ አለው፤ ይህ «ኺያሩል ዐይብ» ይባላል። በመሠረቱ ይህ ምርጫ ሻጩ ባለማወቁ ብቻ አይጠፋም። ገዢው ግን ጉድለቱን ካወቀ በኋላ ወዶ መንዳቱን ከቀጠለ እንደተቀበለው ይቆጠራል። ስለዚህ ወዲያው መናገር አለበት። በዝርዝሩ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ አለመግባባት ከተፈጠረ ዐሊም ጠይቁ።

«እንዳየኸው ገዝተሃል» ብሎ መጻፍስ? በጀርመን ሕግ ይህ አባባል የሚሸፍነው ተራ ሰው አይቶ ሊያውቅ የሚችለውን ጉድለት ብቻ ነው። የግል ሻጭ ኃላፊነቱን በግልጽ ጽሑፍ ማስቀረት ይችላል፤ ሆን ብሎ የደበቀው ጉድለት ሲሆን ግን ያ ጽሑፍ አያድነውም። ጎማ እየገዙ መሸጥን ሥራ ያደረጉ ወንድሞች ደግሞ በሕግ ዓይን ነጋዴ እንጂ የግል ሻጭ አይደሉም፤ የነጋዴ ዋስትናና ግብር አለባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለአንድ ሰው «ያንተ ነው፣ ቅዳሜ ና» ብላችሁ ከተስማማችሁ በኋላ አሥር ዩሮ ለጨመረ ሌላ ሰው አትስጡ። ገዢም ወንድሙ የተስማማበትን ዕቃ ዋጋ ጨምሮ አይንጠቅ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በወንድም ግብይት ላይ መግባትን ከልክለዋል።

ከገዛችሁ በኋላ

ከመታሰሩ በፊት ጎማዎቹን ባላንስ አስደርጉ። ጎማው ላይ የአሽከርክሪት አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለ በዚያው አቅጣጫ እሰሩት። ከ50 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን በመለኪያ መፍቻ እንደገና ፈትሹ። ወቅቱ ሲያልፍ ከቸርኬው ጋር ያለ ጎማ ተደራርቦ ወይም ተሰቅሎ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። የነበረበትን ቦታ፣ ለምሳሌ «ፊት ግራ» ብላችሁ፣ በጠመኔ ጻፉበት። መግዛት የምታስቡ በፀደይ ወይም በበጋ ግዙ፤ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ሁሉም ይጣደፋል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ማጣራትም ይቀራል።

ወደ መጀመሪያው ታሪክ ልመለስ። ለዚያ ወንድም ደውዬ አራቱን ቁጥሮች ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ወላሂ አላውቅም ነበር፤ እኔም ሁለት ዓመት ቤተሰቤን ጭኜ ነድቼበታለሁ» አለኝ። በማግስቱ 160 ዩሮዬን ይዞ መጣ። ጎማዎቹን መልሶ ሊሸጣቸው ይችል ነበር፤ ግን አብረን ወስደን ለማስወገጃ ሰጠናቸውና ቸርኬዎቹን ብቻ አስቀረ። ዛሬ መስጊዳችን ውስጥ ጎማ የሚገዛ ሰው ሲኖር አብሮ ሄዶ ቁጥሩን የሚያነብለት እሱ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ምድር ቤታችሁ ውረዱና የራሳችሁን ጎማ ቁጥር አንብቡ። ልትሸጡት ካሰባችሁ ማስታወቂያው ላይ ከዋጋው ቀጥላችሁ ጻፉት። አላህ በግብይታችን በረካ ያድርግልን፤ በመንገዳችንም ይጠብቀን።